ባለ 16 ጎኑ የጆርጅ ዋሽንግተን ማበራያ ጎተራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጎተራ ምንድን ነው? የትስ ይገኝ ነበር?

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ማውንት ቨርነን የተባለ በአምስት የተከፈለ ሰፊ የእርሻ ይዞታ ነበረው። ከአምስቱ አንዱ ዶግ ረን ይባላል። ዋሽንግተን በ1792 ንድፉን በገዛ እጁ አውጥቶ፣ በ1795 ሥራው ያለቀለትን ባለ 16 ጎን ባለ ሁለት ፎቅ ጎተራ ያሠራው በዚሁ እርሻ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር 16 ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ሕንፃ እህል የሚከማችበት ብቻ አልነበረም፤ ላይኛው ፎቅ ስንዴ በፈረስና በበቅሎ የሚበራይበት አውድማ፣ ታችኛው ደግሞ ፍሬው የሚጠራቀምበት ጎተራ ነበር። ስለዚህ «ጣሪያ የለበሰ አውድማ» ብንለው ከሥራው ብዙም አንርቅም።

አንድ ፕሬዝዳንት ለማበራያ ቤት ይህን ያህል የተጨነቀው ለምንድን ነው?

ዋሽንግተን ራሱን ከሁሉ አስቀድሞ ገበሬ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነበር። በወጣትነቱ እንደ ቨርጂኒያ ባለርስቶች ሁሉ ትንባሆ ያመርት ነበር። ትንባሆ ግን መሬቱን እያራቆተ፣ ዋጋውም በለንደን ነጋዴዎች እጅ እየወደቀ ስላስቸገረው በ1760ዎቹ አጋማሽ ፊቱን ወደ ስንዴ አዞረ። በ1771 አዲስ የውሃ ወፍጮ አቆመ፤ በወፍጮው የተፈጨውም ዱቄት በመርከብ ተጭኖ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ድረስ ይሸጥ ነበር። የስንዴ ገበሬ ገቢ ደግሞ በማሳው ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከታጨደ በኋላ በውቂያው ጊዜ የሚባክነው ፍሬ የዓመቱን ድካም ሊበላ ይችላል።

በዚያ ዘመን ስንዴ የሚወቃው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በመውቂያ ዱላ እየደበደቡ ፍሬውን ማራገፍ ሲሆን፣ ይህ እጅግ አድካሚና ቀርፋፋ ሥራ ነው። ሁለተኛው ነዶውን መሬት ላይ ዘርግቶ በፈረስ ማስረገጥ ነው፤ ሥራው ይፈጥናል፣ ነገር ግን ፍሬው ከአፈርና ከፋንድያ ጋር ይደባለቃል፣ ዝናብ ከመጣ ይበሰብሳል፣ ሜዳ ላይ ያደረውም ክምር በስርቆት ይጎድላል።

ዋሽንግተን ይህን ችግር ለመፍታት ከእንግሊዛዊው የግብርና ጸሐፊ ከአርተር ያንግ በተላከለት ንድፍ መነሻነት ቀደም ሲል በ1780ዎቹ መጨረሻ ዩኒየን በተባለው እርሻው ላይ ትልቅ ጎተራ አሠርቶ ነበር። ሠላሳ ሰው ጣሪያ ሥር ሆኖ ያለ ችግር ሊወቃበት የሚችል ሕንፃ ነበር። ይሁን እንጂ በጥቅምት 1793 ለቨርጂኒያው ገዥ ለሄንሪ ሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚያሰማው ምሬት ሁሉን ነገር ያስረዳል፦ በመስከረም አጋማሽ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በእርሱ ትእዛዝ ጎተራ ውስጥ የገባው ስንዴ እንደገና ወደ ውጭ ተጎትቶ፣ ከጎተራው በር አሥር ሜትር እንኳ በማይርቅ ሜዳ ላይ በፈረስ ሲበራይ አገኘው። የእርሻ ተቆጣጣሪዎቹ የለመዱትን አልተዉም።

እንደ እኔ ግምት የባለ 16 ጎኑ ጎተራ ዋና ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ሰዎቹ ከማበራየት ወደ ዱላ ውቂያ እንዲመለሱ መገፋፋቱ እንደማያዋጣ ተገንዝቧል። ስለዚህ ማበራየቱን እንዳለ ተቀብሎ፣ አውድማውን ራሱን ከሜዳ አንሥቶ ቤት ውስጥ ከተተው።

በውስጡ ሥራው እንዴት ይካሄድ ነበር?

ከሕንፃው በስተውጭ ከአፈር የተደለደለ አቀበት ወደ ላይኛው ፎቅ ያወጣል፤ እንስሳቱ የሚገቡት በዚያ ነው። የላይኛው ፎቅ መሐል ስምንት ጎን ያለው ክፍል ሆኖ ለነዶ ማስቀመጫ ያገለግላል። በዚህ ክፍልና በውጩ ግድግዳ መካከል ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው መተላለፊያ ሕንፃውን ዙሪያውን ይከበዋል። ነዶው እዚህ መተላለፊያ ላይ ይበተናል፤ ፈረሶቹ ወይም በቅሎዎቹ ደግሞ በሶምሶማ እየዞሩ ይረግጡታል።

ብልሃቱ ያለው በወለሉ ላይ ነው። ወለሉ የተሠራው ከነጭ ኦክ እንጨት በተጠረቡ ጠንካራ ጣውላዎች ሲሆን፣ ጣውላዎቹ ገጥመው አልተነጠፉም፤ በየመካከላቸው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቷል። ክፍተቱ ከሰፋ ገለባውም አብሮ ይወርዳል፣ ሲብስም የእንስሳቱን እግር ያውካል፤ ከጠበበ ደግሞ ፍሬው ወለሉ ላይ ቀርቶ በኮቴ ይደቅቃል። ልኩ ሲገኝ ግን ከዘለላው የተላቀቀው ፍሬ ወዲያው ከእንስሳቱ እግር ሥር አምልጦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ገለባው ላይ ይቀራል፣ እርሱም በመንሽ እየተነሣ ይወገዳል። ታች የተጠራቀመው ስንዴ ከእብቁ ተለይቶ ከተበጠረ በኋላ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። የታችኛው ክፍል የጡብ ግድግዳ ያለውና የሚቆለፍ ስለነበረ ፍሬው ከተበራየበት ደቂቃ ጀምሮ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ ይህም ለባለቤቱ ከዝናቡ መከላከያ ያላነሰ ዋጋ ነበረው።

ስለ በቅሎዎቹ አንድ ነገር በዳር በኩል ልበል፦ ዋሽንግተን በአሜሪካ የበቅሎ እርባታን ካስፋፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። በ1785 የስፔን ንጉሥ በስጦታ የላከለት ድንጉላ አህያ የዚህ እርባታ መነሻ ሆኖለታል።

ለምን 16 ጎን? አራት ማዕዘን ወይም ሙሉ ክብ ቢሆን ምን ነበረበት?

እየዞረ ለሚረግጥ እንስሳ ማዕዘን አይመቸውም። አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ፈረሶች ሲዞሩ አራቱ ማዕዘኖች ሳይረገጡ ይቀራሉ፣ እዚያ የወደቀውን ነዶም ሰው እየመለሰ ሊያስገባው ነው። በሌላ በኩል ፍጹም ክብ ግድግዳ መሥራት ጣጣው ብዙ ነው፤ እንጨቱ ሁሉ መጉበጥ አለበት፣ ጡቡም በክብ መደርደር ይኖርበታል። 16 ጎን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጎን ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ አናጺው በለመደው ቀጥ ያለ እንጨት ይሠራዋል፣ ከውስጥ ሲታይ ደግሞ ለእንስሳቱ ከክብ አይለይም።

የቁሳቁስ ቁጠባውም አለ። 400 ካሬ ሜትር ወለል ለመክበብ 10 በ40 ሜትር የሆነ ረጅም ቤት 100 ሜትር ግድግዳ ይፈልጋል፤ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን 80 ሜትር፣ ስምንት ጎን 73 ሜትር ገደማ፣ 16 ጎን 71 ሜትር ከግማሽ የማይሞላ፣ ሙሉ ክብ ደግሞ 71 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ16 ጎንና በክብ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሜትር እንኳ አይደርስም ማለት ነው። ይህ ስሌት ከዋሽንግተን ብዙ በኋላ የመጡትን የክብ ጎተራ ሰባኪዎች በእጅጉ ማርኳቸዋል፤ ጣሪያው ግን በተቃራኒው ውስብስብ ስለሚሆን ግድግዳ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ጣሪያ ላይ ሊያልቅ እንደሚችል ሁሉም አልነገሩንም።

ሕንፃውን ያሠራው ዋሽንግተን ነው። የሠራውስ ማን ነው?

ጡቡን የሠሩት፣ እንጨቱን የጠረቡት፣ ግድግዳውን ያቆሙትና በኋላም ስንዴውን ያበራዩት በማውንት ቨርነን በባርነት ተይዘው የነበሩ አፍሪካውያን አሜሪካውያን ናቸው። ዋሽንግተን ራሱ በግንባታው ጊዜ በአብዛኛው ቦታው ላይ አልነበረም፤ የመንግሥቱ መቀመጫ በዚያን ጊዜ ፊላደልፊያ ስለነበረች እርሻውን የሚመራው በየሳምንቱ በሚመላለስ ደብዳቤ ነው። ንድፉንና የቁሳቁሱን ዝርዝር የላከው የእርሻው ኃላፊ ለነበረው ለአንቶኒ ዊቲንግ ሲሆን፣ ዊቲንግ በ1793 ከሞተ በኋላ ሥራው በዊልያም ፒርስ ኃላፊነት ተጠናቀቀ። ዋሽንግተን ለታችኛው ፎቅ የሚያስፈልገውን ጡብ 30,820 ብሎ እስከ መጨረሻው አሐዝ ድረስ አስልቶ ነበር። የአገር መሪነትና የጡብ ቆጠራ አብረው መሄዳቸው ያስገርም ይሆናል፤ የሰውየው ጠባይ ግን እንዲህ ነበር።

የሕንፃው ብልሃት በሚወደስበት ቦታ ሁሉ ይህ ጉዳይ አብሮ መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም የንድፉ ግማሽ ዓላማ ሥራውን ማቀላጠፍ ከሆነ፣ ሌላው ግማሽ ባለቤቱ ርቆ ሳለ የሠራተኞቹንና የተቆጣጣሪዎቹን እጅ መቆጣጠር ነበር። ቁልፉ፣ የታችኛው የጡብ ክፍል፣ ሥራውን ከሜዳ ወደ ቤት ማስገባቱ ሁሉ ይህን ያሳያል። እነዚያ ሰዎች ያለ ደመወዝና ያለ ፈቃዳቸው ሲሠሩ ስለነበር ከእህሉ ለራሳቸው የሚያስቀሩትን መጠን «ስርቆት» ብሎ የሚመዘግበው የባለቤቱ መዝገብ ብቻ ነው። በ1799 በማውንት ቨርነን በባርነት የነበሩት 317 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ 123ቱ በራሱ በዋሽንግተን ባለቤትነት ሥር ነበሩ። ዋሽንግተን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሲሞት እነዚህ ሰዎች ከሚስቱ ሞት በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዞ ነበር፤ ሚስቱ ማርታ ግን ሳትጠብቅ በጥር 1 ቀን 1801 ነጻ አወጣቻቸው። ከማርታ የፊተኛ ባል ውርስ የመጡት ግን በሕግ የወራሾቹ ስለነበሩ በባርነት ቀሩ፤ ብዙ ቤተሰብም በዚህ ምክንያት ተከፋፈለ።

ከእኛ አገር አውድማ ጋር ምን ያመሳስለዋል? ምንስ ይለየዋል?

በኢትዮጵያ ደጋ ያደገ ሰው የማውንት ቨርነኑን ሥራ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ክብ ቦታ ላይ የተበተነ ነዶ፣ የሚዞሩ እንስሳት፣ ገለባ የሚያነሣ መንሽ፣ ፍሬውን ከእብቅ የሚለይ ማናፈስ፣ ሁሉም አንድ ነው። እኛ ዘንድ የሚያበራዩት በአብዛኛው በሬዎች ናቸው፤ አውድማውም በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ ፍሬው ከአፈር ጋር እንዳይደባለቅ ያደርጋል፤ የዋሽንግተን የተከፋፈተ ጣውላ የሚሠራውን ሥራ በከፊል የሚሠራው ይህ ልቅላቂ ነው።

ዋናው ልዩነት የአየር ጠባይ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ የመኸር እህል የሚበራየው በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ዝናብ በማይጠበቅበት በጋ ነው፤ ጣሪያ ለምን ያስፈልጋል? በቨርጂኒያ ግን ስንዴ የሚታጨደው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ፣ የከሰዓት ነጎድጓድ በሚበዛበት ሞቃት ወቅት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ዝናብ የማይጥልበት ወርም የለም። አንድ ቀን የረጠበ ነዶ ይሻግታል። ስለዚህ በአንዱ አገር ቅንጦት የሚሆነው ጣሪያ በሌላው አገር ትርፍና ኪሳራን የሚለይ ነገር ነበር።

በዚያ ዘመን የመውቂያ መሣሪያ አልነበረም?

ነበር። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሜይክል በ1780ዎቹ የሠራው ባለ ከበሮ የመውቂያ መሣሪያ በብሪታንያ መስፋፋት ጀምሮ ነበር፤ ዋሽንግተንም ስለ እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ያነብና ያጠያይቅ ነበር። ነገር ግን ቀላል ካልሆነና በቀላሉ የማይጠገን ከሆነ በእርሻው ላይ እንደማይበረክት አምኗል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያው ሲሻሻልና ሲረክስ ማበራያ ቤቱ ሥራ ፈታ።

በኋላ በአሜሪካ የተስፋፉት ባለ ስምንት ጎንና ክብ ጎተራዎች ከዚህ የተቀዱ ናቸው?

አይደሉም ማለት ይቀላል። የዋሽንግተን ጎተራ ለእህል ማበራያ የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ የመጡት በአብዛኛው የወተት ላሞች ማደሪያና የድርቆሽ ማከማቻ ናቸው። ችግሩ ሌላ፣ መፍትሔውም ሌላ ነው፤ ቅርጹ ብቻ ይመሳሰላል።

ከእነዚህ ቀዳሚው በማሳቹሴትስ፣ ሃንኮክ በተባለው ቦታ የሼከር ሃይማኖት ማኅበረሰብ በ1826 የሠራው ክብ የድንጋይ ጎተራ ነው። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በላይኛው ፎቅ ገብቶ፣ ጭነቱን መሐል ወዳለው ጉድጓድ መሰል ቦታ አራግፎ፣ ዞሮ በገባበት በር ይወጣል፤ ላሞቹ ደግሞ ታች ፊታቸውን ወደ መሐል አዙረው ታስረው ከዚያው ድርቆሽ ይበላሉ። ሕንፃው በ1864 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። በ1848 ኦርሰን ፋውለር የተባለ ጸሐፊ ባለ ስምንት ጎን መኖሪያ ቤት ለጤናም ለቁጠባም ይበጃል ብሎ በመጽሐፍ ሲሰብክ ቅርጹ በከተማም በገጠርም ፋሽን ሆነ። በ1870ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት ጎተራዎቹ በእሳት የወደሙበት ኤሊየት ስቱዋርት በአንድ ትልቅ ባለ ስምንት ጎን ሕንፃ ተክቷቸው ይህንኑ በእርሻ መጽሔቶች አስተዋወቀ። በአዮዋ በ1883 የተሠራው፣ እንደ ደወል የተቀለሰ ጣሪያ ያለው ባለ ስምንት ጎኑ የሴክረስት ጎተራ ከዚህ ዘመን ከቀሩት ሁሉ ለዓይን የሚያምረው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዙት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፍራንክሊን ኪንግ በ1889 ለወንድሙ እርሻ የነደፈው ክብ ጎተራ መሐሉ ላይ ሳይሎ፣ ማለትም ርጥብ መኖ ታምቆ የሚብላላበት ረጅም ማማ ነበረው፤ ሳይሎው ጣሪያውን ይደግፋል፣ መኖውም በእኩል ርቀት ለሁሉም ላሞች ይታደላል፣ የገበሬውም እርምጃ ይቆጠባል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ሦስት ክብ የወተት ላም ጎተራዎችን በራሱ እርሻ ላይ ሠርቶ ውጤቱን ለገበሬዎች በጽሑፍ አሰራጨ።

ጎተራዎቹ ማዕዘን የተነፈጉት ሰይጣን እንዳይሸሸግባቸው ነው የሚባለው እውነት ነው?

አባባሉ በተለይ በካናዳ በኩቤክ የተለመደ ነው፤ በዚያ ሚስቲክ በተባለ መንደር በ1882 የተሠራ ባለ 12 ጎን ጎተራ እስካሁን ቆሞ ይታያል። ወሬው ለጎብኚ ይጥማል፤ ገበሬዎቹ ግን የቆጠሩት ሰይጣንን ሳይሆን ጣውላና እርምጃን ነው።

ከግንበኞቹ መካከል ጥቁር አሜሪካውያን በስም የሚታወቁ አሉ?

አሉ። በዊስኮንሲን፣ ቨርነን በተባለው አውራጃ፣ ሻየን ሸለቆ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ጀምሮ ጥቁርና ነጭ ገበሬዎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አባቱ በቴነሲ በባርነት የነበረው አልጋ ሺቨርስ በ1889 የተወለደው በዚህ ሸለቆ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ተመልሶ በአካባቢው ያሉትን ብዙ ክብ ጎተራዎች ሠርቷል። አውራጃው ዛሬም በክብ ጎተራዎቹ ይታወቃል። በዶግ ረን ጡብ የሠሩት ሰዎች ባለቤታቸው ሲወስን የታዘዙ ነበሩ፤ ሺቨርስ ግን ዋጋውን ተነጋግሮ፣ ጎረቤቶቹ ፈልገውት፣ በሙያው የተጠራ ግንበኛ ነው።

ታዲያ ክብና ባለብዙ ጎን ጎተራዎች ይህን ያህል ከተወደሱ መሠራታቸው ለምን ቆመ?

ክብ ወይም ባለብዙ ጎን ሕንፃ ሊቀጠል አይችልም። ረጅም ቤት ያለው ገበሬ ላሞቹ ሲበዙ በአንዱ ጫፍ ይጨምርበታል፤ ክብ ያለው ግን ሌላ ሕንፃ ከማቆም በቀር ምርጫ የለውም። ትራክተርና የማሽን ማለቢያ ሲመጡ ደግሞ ቀጥታ መስመር የሚወዱ መሣሪያዎች በክብ ወለል ላይ ተቸገሩ፤ ኤሌክትሪክ ሲገባም የእርምጃ ቁጠባው የቀድሞ ዋጋውን አጣ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ግንባታውን ጨርሶ አቆመው።

የመጀመሪያው የዋሽንግተን ጎተራ ምን ሆነ?

ዋሽንግተን ከሞተ በኋላ ይዞታው ለወራሾች ተከፋፈለ። በ1850ዎቹ የተቋቋመው የማውንት ቨርነን የሴቶች ማኅበር በ1858 መኖሪያ ቤቱንና 80 ሄክታር ያህል መሬት ሲገዛ ዶግ ረን በዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ጎተራውም ጠባቂ አልነበረውም። በ1870ዎቹ አካባቢ አርጅቶ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ ቀርቷል፤ ሕንፃው ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ማኅበሩ በኋላ የዋሽንግተንን ንድፍና የቁሳቁስ ዝርዝር ከዚህ ፎቶግራፍ ጋር አስተያይቶ፣ በእጅ የተሠራ ጡብ ተጠቅሞ ሕንፃውን እንደገና አስነሣው፤ ለሕዝብ የተከፈተውም በ1996 ነው። አዲሱ የቆመው ግን በቀድሞው ቦታ ላይ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱ በታች፣ በወንዙ ዳር በተዘጋጀ ማሳያ እርሻ ላይ ነው።

መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ማውንት ቨርነን ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአሌክሳንድሪያና በዙሪያዋ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። ብዙ ጎብኚ መኖሪያ ቤቱን አይቶ ይመለሳል፤ ጎተራው ያለበት እርሻ በቁልቁለቱ በኩል ስለሆነ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። ሲገቡ ከታችኛው ፎቅ ቀና ብለው ወለሉን ከሥር ቢያዩት የጣውላዎቹን ክፍተት ከላይ ሆነው ከሚያዩት ይልቅ በደንብ ይረዱታል። እንስሳት እየዞሩ ስንዴ ሲረግጡ የሚታይበት ማሳያ በየቀኑ ስለማይኖር ከመሄድዎ በፊት የዕለቱን መርሐ ግብር መጠየቅ ይበጃል።